ጎጆ፦ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላሉ። እኔ ደግሞ ሥራ እንኳ አላጣሁም ነበር። ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ውዬ፣ የነዳጅ ጭስ እየሸተትኩ ወደ ቤት ስገባ ቆብ የምቀድበት ጉልበት ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ብቻ መጣ። ያገሬ ሰው ከሥራ ሲወጣ ወይ ይተኛል ወይ ሁለተኛ ሥራ ይገባል። እኔም ሁለተኛ ሥራ ገባሁ፤ ደመወዝ የሌለው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1993 ነው። የሄድኩት ለፕሪንተሬ ሪባን ልገዛ ነበር፤ ይህችን ያዝልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር ቅራቅንቦ የሚቸበቸብበት አዳራሽ ነበር፤ የፈረንጅ ምናለሽ ተራ በለው። ሪባኑን ስጠይቅ ሻጩ ሪባን የለኝም፣ ሞደም ግን አለኝ አለኝ። ሽንኩርት ፍለጋ ወጥቶ ምጣድ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ካየህ ዘመዴ ነው። ሞደሙን ታቅፌ ወጣሁ። በሰኮንድ 2400 ቢት ያስተላልፋል፤ ያኔም ቢሆን ያረጀ ነው፤ ሀብታሞቹ 14,400 ገብተዋል። ግንባሩ ላይ ስምንት ቀያይ መብራቶች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በታች ሁለት ሁለት የላቲን ፊደል ተጽፏል። እውነቱን ልንገርህ፣ የገዛሁት ለመብራቶቹ ነው።

ሞደም ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ የሰው ቢቢኤስ ላይ መደወል፣ ወይ የራሱን ቢቢኤስ መክፈት። ቢቢኤስ ያልደረሰብህ ልጅ ከሆንክ ባጭሩ ላስረዳህ፤ የደረሰብህ ከሆንክ ቡናህን ፉት እያልክ ታገሠኝ። አንድ ሰው ቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር ከስልክ መስመሩ ጋር አገናኝቶ ቁጥሩን ለሕዝብ ይበትናል። ሌላው ከቤቱ በኮምፒዩተሩ ይደውላል። የዚያኛው ኮምፒዩተር አንሥቶ ያስገባዋል። እንግዳው ማስታወቂያ ያነባል፣ የራሱን ይለጥፋል፣ ፋይል ይወስዳል፣ ጨዋታ ይጫወታል፣ ይወጣል። መስመሩ አንድ ከሆነ እንግዳውም አንድ ነው፤ እሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ሌላው ደዋይ ተይዟል ይባላል። የቤቱ ጌታ ሲስኦፕ ይባላል። ገቢ የለውም፤ ማዕረግ ግን አለው። በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ማዕረጌ «ሄይ» ስለነበረ ሲስኦፕ መባል ምን ያህል እንዳማረኝ ልነግርህ አልችልም።

የመጀመሪያውን ቢቢኤስ የሠሩት ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱዌስ የሚባሉ የቺካጎ ሰዎች ናቸው። በ1978 ጃንዋሪ ላይ ቺካጎን በረዶ ቀብሯት ከቤት መውጣት ሲከለከሉ የኮምፒዩተር ክበባቸው አባላት እየደወሉ መልእክት የሚተዉበት ነገር እንሥራ ተባባሉ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሥራ ጀመረ። አየህ፣ በረዶ ሲዘጋባቸው ታሪክ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እኔ በረዶ ሲዘጋብኝ የምሠራው ሽሮ ነው። ያም ሆኖ ቆይ፣ እነሱ ሁለት ሆነው ከቻሉ እኔ አንድ ሆኜ፣ አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቼ፣ በተሠራ ፕሮግራም እንዴት ያቅተኛል?

የምኖረው አዳምስ ሞርጋን፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ከተደረደረበት ከአሥራ ስምንተኛው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ቤቱን የተጋራሁት ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ የስድሳ ስድስቱ ትውልድ፤ በቁመት አጭር፣ በንግግር ረጅም። ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ፣ ቀን ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። ስልኩ አንድ ነው፤ በእሳቸው ስም ነው የገባው፤ መተላለፊያው ላይ በሁለት የስልክ ማውጫ አናት ላይ ተቀምጧል። ሒሳቡን ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን።

«ጋሼ፣ ሌሊት እርስዎ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልኩን እኔ ልጠቀምበት?» አልኳቸው።

«ማንን ልታናግር?»

«ማንንም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሰው ሴት ይዞ ማንንም ሲል የሚታይበት አስተያየት ነበር። «ተጠቀም» አሉኝ ፈገግ ብለው፤ «ዕድሜህ ነው።»

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ኮል ዌይቲንግ። ሌላ ሰው ሲደውል ጢጥ የሚለው ድምፅ ሞደሙን ግራ ያጋባውና ግንኙነቱን ይበጥሰዋል። አንተ ስትደውል ኮከብ ሰባ መትተህ ለጊዜው ታግደዋለህ፤ የሚደወልልህ አንተ ከሆንክ ግን መላ የለውም፣ ከነጭራሹ ማስወጣት ነው። ለጋሼ የነገርኳቸው ከወር ሒሳባችን ላይ እንደሚቀንስልን ብቻ ነው። መረቁኝ።

ከዚያ ወደ ተከላው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ሆኜ፣ የመመሪያ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ስንት ሌሊት ተኛሁ። ፕሮግራሙ ዳብልዩ ዳብልዩ አይ ቪ የሚባለው ነው፤ ዌይን ቤል የሚባል ልጅ በ1984 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የጀመረው። ተማሪ ልጅ የጻፈውን የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ መትከል ሲያቅተው እንዴት ያለ ስሜት እንዳለው ጠይቀኝ። ሞደሙ ይነሣል፣ መብራቱ ይበራል፣ እኔ ደስ ብሎኝ ማውሱን ስነካ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። ማውሱን ካልነካሁ ይሠራል። ስነካው ይሞታል። በኋላ ሲገባኝ ማውሱ ኮም አንድ፣ ሞደሙ ኮም ሦስት ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ማቋረጫ መስመር አራትን ይጋራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዘዋል። መፍትሔው ካርዱ ላይ ያለችውን የትንኝ ክንፍ የምታህል መሸጋገሪያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት ነው። ወደቀችብኝ። ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ በባትሪ ስፈልጋት ጋሼ ከሥራ ገቡ።

«ምን ጠፋህ?»

«ጃምፐር።»

ጋሼ ሹራቤን ከወንበሩ ላይ አንሥተው «ይኸው ያንተ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ጃምፐር ለእሳቸው ሹራብ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳሉ ያስተማሯቸው እንግሊዞች ናቸው።

ቢቢኤሱን «ጎጆ» አልኩት። መግቢያው ላይ ጎጆ ቤት ሣልኩ፤ በእዝባርና በሰረዝ፣ ከጫፉ ላይ ጉልላት ያለው። ሰላምታዬን በአማርኛ ጻፍኩ፤ በላቲን ፊደል ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ1999 ነው፣ ያኔ በሩቅ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ሀ ሁ ማሳየት የማይታሰብ ነገር ነበር። የሥራ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ የእድር ማስታወቂያ፣ የሚከራይ ክፍል፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ዕቃ መላኪያ፣ የታክሲ ፈተና ጥያቄዎች። ከዋሽንግተን፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ዳር ዳሩ ሁሉ ጥሪው የከተማ ጥሪ ነው፤ ማንም ሐበሻ ሳንቲም ሳያወጣ ይገባል። ያላሰብኩት ሐበሻው ሞደም ይኑረው አይኑረው ነበር።

አልነበረውም።

የመጣው ማን መሰለህ? የፈረንጅ ልጆች። የአካባቢው ቢቢኤሶች ዝርዝር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይዞር ነበር፤ ቁጥሬን አስገባሁት፣ በሳምንቱ ስልኩ ይጮህ ጀመር። የመጀመሪያው እንግዳ ጎጆዬን አይቶ «ሮኬቱ ቆንጆ ነው፣ ጨዋታዎቹ የት ናቸው?» ብሎ ጻፈ። ጨዋታ አልነበረኝም። የነበረኝ የታክሲ ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ስለ እንግዳ አቀባበሌ ላውጋህ፤ ጓደኞቼ እስካሁን የሚስቁብኝ በዚህ ነው። ሲስኦፕ የሆነ ሰው እንግዳው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ስክሪን ላይ ያያል፤ ሲሳሳት ያያል፣ ሲያጠፋ ያያል፣ ሲያመነታ ያያል። አንድ ቁልፍ ከተጫነ ደግሞ ጣልቃ ገብቶ ሊያጫውተው ይችላል። ሌሎች ሲስኦፖች እንግዳቸው ሲገባ ይተኛሉ፤ ነገርዬው የተሠራውም ለዚያ ነው። እኔ ግን ሰው ቤቴ ገብቶ እንዴት ልተኛ? ቤታችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር ኮምፒዩተሩ ፊት አድርጌ ቁጭ። እንግዳው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከመጨረሱ ቁልፉን ተጭኜ እገባበታለሁ። እንኳን ደህና መጣህ። እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ሥራ የለውም። ፋይል ሊወስድ ነው የመጣው፤ እንዲህ ሲያጣድፉት ይደነግጥና ስልኩን ይዘጋል። እኔ ደግሞ ምን በደልኩት ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አድራለሁ። የሚገርመው አንዳንዶቹ ይመለሳሉ። ተመልሰው ሲወጡ ደግሞ «ቸኮልክ፣ ትንሽ ቆይ እንጂ» እላለሁ፤ መሸኘት የለመደ ሰው አጉል ነው፣ በር የለ፣ ደረጃ የለ፣ እየጻፍኩ ግንኙነቱን እስኪቆርጥ እሸኘዋለሁ።

የሚወስዱትም ነገር እኮ አልነበረኝም። ሃርድ ዲስኬ 40 ሜጋባይት ነው፤ በ2400 ሞደም አንዲት ሙሉ ፍሎፒ ለመጫን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ለአንድ እንግዳ በቀን የፈቀድኩት አንድ ሰዓት ነው። ሒሳቡን አንተው ሥራ፤ እኔ የሠራሁት ከመሸ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ ያቺ ዝርዝር ባትኖር። የዝርዝሩ አዘጋጅ የኔን መስመር ሲጽፍ ሰዓቴን ዘለለና «24» ብሎ አስቀመጠው። ሰውየው በየወሩ ስንት መቶ ቁጥር በነፃ የሚያሰናዳ ሰው ነው፣ አልቀየመውም። ብቻ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ የጋሼ ቤት ስልክ መደወል ጀመረ።

ሞደሙን ቀን ቀን አጠፋዋለሁ። ስለዚህ የሚያነሡት ጋሼ ናቸው፤ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። «ሃሎ?» ዝም። የሚደውል ሞደም እንግዲህ ጨዋ ነው፤ ያኛው ሞደም ድምፅ እስኪሰጠው ድረስ ምንም አይተነፍስም፤ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። «ሃሎ! ማነው?» ዝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ይዘጋል። የልጆቹ ፕሮግራም ደግሞ ካልተሳካለት ራሱ መልሶ ይደውላል። መልሶ። መልሶ። ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ሁልጊዜ ዝም።

ጋሼ ለሰው የማይነግሩት ያለፈ ነገር አላቸው። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ የዚያን ትውልድ ሰው መጠየቅ ጨዋነት አይደለም። ብቻ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ አልጋዬ ላይ ሳለሁ በጆሮዬ ሰማሁ፤ መተላለፊያው ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጸጥ ላለው ስልክ ንግግር ያደርጋሉ። «ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ! እኔ ከዚያ ነገር ከወጣሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው! ወንድ ከሆንክ ስምህን ተናገር! ፋይሌን ዝጉልኝ!»

ወጥቼ ልንገራቸው? እንዴት ብዬ? ጋሼ፣ የደህንነት ሰዎች አይደሉም፣ ቤቴስዳ ያለ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው ልበል? አንሶላዬን ራሴ ላይ ሳብኩ።

ጉዱ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ሞደም ውስጥ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች፤ ግንኙነቱ እስኪያዝ ድረስ በመስመሩ ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ታሰማለች። ስለዚህ ጋሼ የሚሉት በየልጆቹ መኝታ ቤት ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር። አንድ ሌሊት ጎጆን ስከፍት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ተለጥፎ አገኘሁ፤ ቀን ስትደውሉ ሽማግሌ ጠንቋይ ይመጣል፣ በማይታወቅ ቋንቋ ይረግማችኋል፣ ከጨዋታዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ከሥሩ ብዙ ምላሽ። የእድር ማስታወቂያዬን ማንም አላነበባትም፤ ይህችን ያላነበበ አልነበረም። በማግስቱ ጥሪው በዛ። ሆን ብለው ለጋሼ ብለው የሚደውሉ ጀመሩ።

አሁን መላ ያስፈልጋል። መላ ደግሞ የኔ ነገር ነው፤ ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ተረት ያልደረሰኝ ሰው ነኝ። መመሪያውን ገለጥኩ። ሞደም ውስጥ ኤስ ዜሮ የምትባል ቦታ አለች፤ ሞደሙ በስንተኛው ጥሪ እንደሚያነሣ የሚጻፍባት። አንድ ብለህ ከጻፍክባት ስልኩ ገና አንዴ ሲል ሞደሙ ያነሣዋል፤ የጋሼ ጆሮ አይደርስም። ቀንም ይብራ፣ ልጆቹ ይግቡ፣ ጋሼ ይተኙ፣ ሁሉም ሰላም። «ኤ ቲ ኤስ ዜሮ እኩል አንድ» ብዬ ጻፍኩ። መብራት ቢጠፋም እንዳይረሳው ብዬ ደግሞ «ኤ ቲ ኤንድ ደብልዩ» ጨመርኩ፤ ይህ በማይጠፋ ማኅደሩ ውስጥ ቅረጸው ማለት ነው። ከስምንቱ መብራቶች ኤ ኤ የሚለው ፊደል ያለበት በራ። ራሱ ያነሣል ማለት ነው። እንዴት ያምራል መሰለህ፤ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ሳየው ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

ጋሼም ደህና እንቅልፍ ተኙ። «ተስፋ ቆረጡ» አሉኝ በድል ስሜት፤ «ፋይሉን ዘጉት።» ቤታችን ሰላም ሰፈነበት። ጥቂት ሳምንት ማንም አልደወለልንም፤ ዘመድ የለ፣ ወዳጅ የለ። ጋሼ ጓደኞቻቸው ስለቀሩባቸው ትንሽ ቅር አላቸው። እኔን ግን ምንም አልታየኝም፤ ኤ ኤ ታበራለች።

እሑድ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ግቢው ውስጥ ተበትኖ ይሳሳማል። እኔም አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ አጠገብ ለመቆም ሦስት እሑድ የፈጀ ስልቴን እየፈጸምኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ላይ ደርሻለሁ። ልጅቱ ስትስቅ ጥርሷ... ተወው። ከኋላዬ አንዲት ከአገር ቤት በዚያው ሰሞን የገቡ እናት ስሜን እየጠሩ መጡ። እጃቸው ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ ከበርበሬው መሀል አፏ በፕላስቲክና በላስቲክ የታሠረች የአምቦ ውሃ ጠርሙስ።

«አንተ ነህ አይደል የእማማ ልጅ? እንደው ተመስገን፣ ቆመህ አየሁህ!» አሉና አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ስል ከፍ አደረጉት፤ ሩቅ የመጣ መልእክት ጮክ ተብሎ ነው የሚደርሰው። «እናትህ ስልክ ቤት ሄደው፣ ተመዝግበው፣ ተራ ጠብቀው ደወሉልህ። አነሣህ። መጀመሪያ ዝም አልክ። ልጄ ሲሉህ እሪ አልክባቸው። እሪ! ሣጥኑ ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። እንደገና ቢያስደውሉ እንደገና እሪ አልክ። በሕፃንነቱም ሲያለቅስ ድምፁ ይኸው ነው፣ የልጄን ድምፅ አልስትም ብለው ሲያለቅሱ ሰነበቱ።»

ነገሩ ገባኝ። ሞደም ስልክ ሲያነሣ መጀመሪያ ሁለት ሰኮንድ ያህል ዝም ይላል። ከዚያ ሦስት ሰኮንድ ከምናምን 2100 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። መልስ የሚሰጥ ሞደም ሲያጣ ሠላሳ ሰኮንድ ድረስ እየተንጫጫ ጠብቆ ይዘጋል። እናቴ ተራ ጠብቃ፣ ገንዘቧን ከፍላ፣ ያገኘችው ይህን ነው። ይህን ግን እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለማን አስረዳለሁ? አፌን ከፈትኩ። «እትዬ፣ ሞደም ነው» አልኩ።

እትዬ ዞር ብለው ለነጠላዋ ባለቤት በሐዘን «አየሽ፣ ስሙንም ተናገረ» አሏት።

ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ሰባት ቀን። የንስሐ አባትህም ጸሎት ያዙልህ፤ ስለትም ገብተዋል። የሚያስጮህህ ነገር ይለቅሃል፤ አትፍራ።» ዙሪያችን የቆሙት፣ ከነሱ መሀል ሁለቱ አብረውኝ ትኬት የሚቆርጡ ናቸው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» አሉ። ልጅቱም አሜን አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ያ ነው የጎዳኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከሩቅ እጅ ነሥታኝ ከእናቷ በስተግራ ቆመች። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ የማታ ፈረቃ ለብቻዬ አልተሰጠኝም፤ ጓደኞቼ ተማክረው ነው፣ ለክፉም ለደጉም ብለው።

ከሥራ ቦታ ለጎረቤታችን ደውዬ እናቴን አስጠራኋት። «እማዬ፣ ማሽን ነው። እኔ አይደለሁም ያነሣሁት» አልኳት። ለአፍታ ጸጥ አለች። «ማሽን እሪ ይላል እንዴ ልጄ? እኔን ለማጽናናት አትድከም። ጸበሉን ጀመርክ?» ድምፄ ቀዝቅዟል፣ ሳይሻለኝ አይቀርም ብላ ለጎረቤቷ ስትነግር ይሰማኛል።

ያን ጊዜ ነው የአጎቴ ልጅ ትዝ ያለኝ። በኮምፒዩተር ደብዳቤ የሚላላክ ብቸኛ ዘመዴ ነው። ፊዶኔት የሚባል ነገር ነበር፤ ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሰው በ1984 ሳንፍራንሲስኮ የጀመረው፤ በውሻ ስም። ቢቢኤሶች ሌሊት ሌሊት የሩቅ ጥሪ ሲረክስ እርስ በርሳቸው እየተደዋወሉ ደብዳቤ ይቀባበላሉ። አዲስ አበባም አንድ ጣቢያ ነበራት፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ያቋቋመው፤ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ እየተገናኘ ደብዳቤ ይለዋወጣል። ኢትዮጵያ ሙሉ ኢንተርኔት ያየችው በ1997 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ይኸው ነበር። የአጎቴ ልጅ መሥሪያ ቤት ከዚያ ጣቢያ ጋር ይሠራል።

ጎጆን የፊዶ አባል አድርጌ ከገዛ ቤቴ ልልክ ፈለግኩ። አድራሻ እንዲሰጥህ ማመልከቻውን በዚያው በፊዶ መላክ አለብህ፤ ከዚያም በየሌሊቱ፣ በክረምት ሰዓት ከንጋቱ አሥር እስከ አሥራ አንድ፣ መስመርህ ለደብዳቤ ብቻ ክፍት መሆን አለበት። ሕጋቸው ደግሞ ሰውን ከመጠን በላይ እንዳታስመርር፣ አንተም ቶሎ እንዳትመረር ያዛል። የመጀመሪያውን እኔ፣ ሁለተኛውን ጋሼ እንደማንችለው ስለታወቀ ተውኩትና አርሊንግተን ባለ በሌላ ሰው ቢቢኤስ በኩል ላክሁ። ረጅም ደብዳቤ ነው፤ በላቲን ፊደል፤ ስለ ኤስ ዜሮ፣ ስለ 2100 ኸርዝ፣ ስለ ሠላሳ ሰኮንዱ። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ለእማዬ ቀስ ብለህ አስረዳልኝ አልኩት።

ለጋሼም ያን ቀን ሁሉን ተናገርኩ። ሻይ አፍልቼ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ። ሰምተው ሰምተው «የደህንነት ሰዎች አይደሉም?» አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። «አንድም ቀን?» አንድም ቀን። ቅር ያላቸው ይመስለኛል። ለሁለት ቀን አላናገሩኝም፤ በሦስተኛው ቀን የዘጠኝ ሰዓት ሰው ይደውል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። የአጎቴ ልጅ ደብዳቤውን በመሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር አውጥቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት አንብቦላታል። ሁለት ጊዜ አስነብባዋለች። የተናገረችውን እንዳለ ጽፎታል። «ማሽኑ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አንተ ደህና ነህ፣ ተመስገን። ታዲያ ልጄ፣ እሪ የሚለው እሱ ከሆነ ጸበሉን ለምን አንተ ትጠጣዋለህ?»

ወረቀቱን ጋሼ ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «እናትህ እውነታቸውን ነው» አሉና ጠርሙሱን ፍለጋ ወደ ኩሽና ገቡ። ሞደሙን ከነገመዱ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወጣሁት። ጋሼ እዚያ አይደርሱም፤ ወንበሯ ላይ ደግሞ እኔ ተቀምጬባታለሁ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስኪሆን አልነሣም።